ለአውቶቡስ የፈሰሰ እንባ

ጥቅምት 4

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠኝ «ምራትሽን ደግሞ በረሃብ እንዳትፈጂያት» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ... ምን ላድርግ? ዘጠኝ ዓመት በቴሌቪዥን ክፉ አማት ሆኜ ኖርኩ። ድራማው ካለቀ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን ለቅቆኝ አልሄደም። ሕፃን አዋቂው «አማቲቱ» ነው የሚለኝ። ወልጄ አላውቅ፣ ድሬ አላውቅ፤ አማት ግን ነኝ።

ቤት ገብቼ ሻይ ጣድኩ። ስልኬን አየሁት። ማንም አልደወለም። ስንት ወሩ ነው ይሄ ስልክ ለሥራ ከጠራ?

ልክ ምድጃውን ስለኩስ ጠራ። «እናታችን፣ እንዴት ሰነበቱ?» የወጣት ድምፅ። የቴሌቪዥን አዘጋጅ ነኝ አለ። «ለበጎ እንነግድ» የሚባል ውድድር ሊጀምሩ ነው። ስድስት ታዋቂ ሰዎች በየሳምንቱ የተሰጣቸውን ዕቃ ይሸጣሉ። ሽያጩና ተመልካች በስልክ የሚልከው የድጋፍ መልእክት ይደመርና ዝቅተኛው ይሰናበታል። መጨረሻ የቀረው ለመረጠው በጎ አድራጎት የሚያስፈልገውን አንድ ትልቅ ነገር ውድድሩን የሚደግፈው የሳሙና ፋብሪካ ይገዛለታል።

«እስቲ ላስብበት» አልኩት።

ሻዩ እስኪፈላ እንኳ አላሰብኩም።

ጥቅምት 6

እህቴ ጋ ሄድኩ፣ ትምህርት ቤቷ። መስማት የተሳናቸውን ልጆች ስታስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ሦስት ክፍል ነው፣ ከመኪና ጋራዥ ጀርባ። ጋራዡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ እኔ ራሴን አሞኝ ወጣሁ፣ እነሱ ምን ቸገራቸው። አርባ ሦስት ልጆች ናቸው። እጃቸው አያርፍም። እኔ አንድም አይገባኝም።

«ምን ይጎድላችኋል?» አልኳት።

«የማይጎድለንን ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር።» ከዚያ አሰብ አደረገች። «አውቶቡስ። ትንሿም ብትሆን። ልጆቹ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ነው የሚመጡት። ዝናብ የጣለ ቀን ግማሹ ይቀራል።»

ስለ ውድድሩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከእኔ በሰባት ዓመት ታንሳለች፤ ዝም ስትል ግን እናቴን ነው የምትመስለው።

«እሺ እትዬ። ግን ካሜራ ክፍሌ ውስጥ አይገባም። ልጆቼ ለልመና አይታዩም።»

«እኔ በቁሜ እያለሁማ...» አልኳት። ምን እንደማይሆን እንኳ አልጨረስኩትም።

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ቀረጻ። ገበያ መሃል ሳሙና ሽጡ ተባልን። ጡረታ የወጣው ኳስ ተጫዋች በሸጠው ሳሙና ሁሉ ላይ ይፈርማል። ዘፋኟ ታንጎራጉራለች። እኔ ምን ላድርግ? ትንሽ ቆሜ አየሁና አማቲቱን አወጣኋት። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «ይህን ሳሙና ሳትገዢ ልጄን አገባለሁ ብለሽ ነው? እጅሽን እስቲ አሳዪኝ!» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ያመጡልኝ ካርቶን ሁሉ አለቀ። አንደኛ ወጣሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቼ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ነፍስ ዘራሁ። ልጆቹ ትዝ ብለውኝ ነበር? ለራሴ ልዋሽ? አንዴም ትዝ አላሉኝም።

ጥቅምት 22

ዛሬም አልተሰናበትኩም። እግሬ አብጧል።

ጥቅምት 30

ሦስት ቀርተናል። እኔ፣ ኳሰኛውና ዘፋኟ። አዘጋጁ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ስቦልኝ፣ ውሃ ቀድቶልኝ... ሐኪም ክፉ ወሬ ሊነግር ሲል እንደሚያደርገው።

«እናታችን፣ በሽያጭ ማንም አይችልዎትም። መልእክቱ ግን ወርዷል። ሰው ይስቃል፣ ሳቁን ሲጨርስ ስልኩን ያስቀምጣል። ኳሰኛው የልብ ሕመምተኛ ልጅ ይዞ ቀርቦ አገር አስለቅሷል። የእርስዎ ደረቅ ነው። ታሪክ ያስፈልገናል።»

«ምን ዓይነት ታሪክ?»

«አንድ ልጅ። አንድ ፊት።»

በቀጥታ ወደ እህቴ ሄድኩ። ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ካሜራ አይገባም ብዬሽ ነበር።»

«አውቶቡሱን ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም?»

«እንደሱ አትጠይቂኝ።»

«ታዲያ እንዴት ልጠይቅሽ? ዝናቡ ሲመጣ ግማሹ ልጅ ይቀራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ቀይ እስክርቢቶዋን ከደነችው። «ወፊቱ የምንላት ልጅ አለች» አለች። «እናቷ ከፈቀደች ብቻ። ደግሞ የሚባለውን እኔ ቀድሜ አያለሁ።»

እሺ አልኩ። በዚህ ወር ስንት እሺ አልኩ?

ኅዳር 3

ወፊቱን ቀረጹ። ስምንት ዓመቷ ነው። ጓደኞቿ ናቸው አሉ ስሙን ያወጡላት፣ እጆቿ ስታወራ እንደ ክንፍ ስለሚርገበገቡ። ለካሜራው ሒሳብ ሠራች፣ ስለ ድመት የሆነ ረጅም ነገር ተረከች። እህቴ እየተረጎመች ትስቃለች። ደግ ቀን ነበር።

እናቷ ስድስት ሰዓት ላይ መጣች፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች። የቢሮ ሕንፃ ታጸዳለች። ልጅቷን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጉዛ ታመጣታለች፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትወስዳታለች። በእረፍቷ ቀን ደግሞ እህቴ ዘንድ እየመጣች የእጅ ቋንቋ ትማራለች። ፈቃዱን ከማንበቧ በፊት ጠየቀችኝ።

«ስለ እሷ ምንድን ነው የምትሉት?»

«ጎበዝ ናት እንላለን» አልኳት።

ሳታነብ ፈረመች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ቀራጮቹ ሲወጡ ካሜራ የያዘው ልጅቷን በሩ ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረጻት። እናቷን እየጠበቀች ነበር፤ እናቷ ሥራ ላይ ቆይታ ሃያ ደቂቃ ዘገየች። «ይሄኛው ወርቅ ነው» ሲል ሰማሁት። ምኑ ወርቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ኅዳር 11

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ እንደማስታውሰው አውቃለሁ።

የመጨረሻው ውድድር፣ በቀጥታ። ዘፋኟ መጀመሪያውኑ ተሰናበተች። ኳሰኛው ይመራል። እኔ ልገባ ስድስት ደቂቃ ሲቀረኝ አዘጋጁ መተላለፊያው ላይ ወረቀት ሰጠኝ። አራት መስመር። ወፊቱን እናቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥላት ሄደች፣ ልጅቷ እስከ ዛሬ በየቀኑ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች... እንዲህ ይላል።

«እናቷ እኮ አለች። አይቻታለሁ።»

«እናታችን፣ ስሟን አንጠራም። ማን ያውቃታል? ለበጎ ነው።»

«እህቴ ቀድማ ታያለች ተባብለናል...»

«ስድስት ደቂቃ ነው ያለን። ከፈለጉ አይበሉት። ኳሰኛው ይወስዳል።»

ሌላ ምንም አላለኝም። አላስገደደኝም፤ ይሄ ይጻፍ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ማንበብ አያስፈልገኝም፣ በቃል መያዝ ሙያዬ ነው።

ገባሁ። ልጅቷ በሩ ላይ የቆመችበት ምስል ከኋላዬ ታየ። ተናገርኩ። «ጥላት ሄደች» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ሰበርኩት፣ ከግራ ዓይኔ አንድ እንባ ለቀቅሁ። የቀኙን ያዝኩት። ሁለቱም ከወረደ ሰው ይጠራጠራል፤ ይሄን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው የተማርኩት።

መልእክቱ እንደ ጎርፍ ወረደ። አሸነፍኩ። ከካርቶን የተሠራ የመኪና ቁልፍ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ አሸከሙኝ። ኳሰኛው አቀፈኝና በጆሮዬ «ይሄስ አይቻልም» አለኝ። እያሞገሰኝ ነበር?

ኅዳር 12

እህቴ ስልክ አታነሳም።

ኅዳር 13

ዳቦ ሻጯ ከመደርደሪያዋ ጀርባ ወጥታ ሳመችኝ። «ለካ አንጀት አለሽ» አለችኝ። ሁለት ዳቦ መረቀችልኝ። አዘጋጁ ደወለ፤ ፋብሪካው የሳሙና ማስታወቂያ እንድሠራለት ይፈልጋል፣ የአንድ ዓመት ውል።

ከሰዓት በኋላ እህቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ አጠገብ ቆማ ነገረችኝ።

የወፊቱ ጎረቤቶች ልጅቷን በቴሌቪዥን አይተው ለይተዋታል። አከራይዋ እናቷን ግቢው መሃል አስቁማ «ልጅ ጥለሽ ከየት ነው ዛሬ የመጣሽው?» አለቻት። አብሯቸው የምትኖር መሆኗን እያወቀች! በሥራ ቦታዋ ሴቶቹ ምሳ አብረዋት አይበሉም። ይሄ ሁሉ በሁለት ቀን።

«እንዴት ያምናሉ? በየቀኑ ከልጅቷ ጋር ያዩዋት የለ?»

«አንቺ ስታለቅሺ አዩ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስወጥታታለች እትዬ። ዛሬ ጠዋት መጥታ ደብተሮቿን ወሰደች። እኔንም ሰላም አላለችኝም። እኔ የላክሁሽ ነው የመሰላት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከአፌ ሲወጣ ግን በደንብ አሰማምሬ ነበር ያወጣሁት።

ኅዳር 19

አዘጋጁ ዘንድ ሄድኩ። ማስተካከያ ይነገር አልኩት። በትሕትና ሰማኝ፤ ጫማው አዲስ ነው፣ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«ማን ተጎዳ እናታችን? አርባ ሦስት ልጅ አውቶቡስ ያገኛል።»

«አርባ ሁለት» አልኩት።

ውሌን አወጣልኝ። ስለ ዝግጅቱ ያለ ፈቃድ አልናገርም የሚል መስመር ላይ ፈርሜያለሁ። እኔም ሳላነብ ነው የፈረምኩት። የአውቶቡሱ ርክክብ ታኅሣሥ 2 ነው፣ በጠዋቱ ፕሮግራም በቀጥታ ይተላለፋል። «እስከዚያ ይረጋጉ» አለኝ።

ኅዳር 24

የምትሠራበትን ሕንፃ አጠያይቄ አገኘሁት። አራተኛ ፎቅ ላይ መተላለፊያውን ትወለውላለች። ወፊቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አሮጌ የቢሮ ወረቀት ጀርባ ላይ ትስላለች። አየችኝና እጇን አነሳች፣ የሆነ ነገር አለችኝ። አልገባኝም። ፈገግ ብዬ አለፍኳት።

እናቷ መወልወሏን አላቆመችም።

«ያልወለወልኩት በኩል ይቁሙ፣ ይሄ እርጥብ ነው» አለች።

ግድግዳ ጥግ ያዝኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። «ይቅርታ» ከሚለው አላለፈም።

«ድራማውን አየው ነበር» አለችኝ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ዘጠኙንም ዓመት። ሠፈር ውስጥ ሰው ሁሉ ሲረግምዎት እኔ ነበርኩ ጠበቃዎ። ሥራዋ ነው፣ ሴትየዋ ራሷ እንዲህ ላትሆን ትችላለች፣ እላቸው ነበር። ከአከራዬ ጋር ተጣልቼበታለሁ።»

መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች።

«አሁን እኔን የሚያምን የለም። እርስዎን ግን ያምናሉ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እዚያው የተናገሩበት ቦታ ላይ ይመልሱት። ካልሆነ ደግሞ ይሂዱ፣ ሥራ ልጨርስበት።»

ሄድኩ። አሳንሰሩ ውስጥ መስታወት አለ። አላየሁም።

ታኅሣሥ 2

የቴሌቪዥን ጣቢያው ግቢ። አውቶቡሷ ነጭ ናት፣ ባለ ሃያ አራት ወንበር፣ ሪባን ታስሮባታል። በአንዱ ጎኗ ሳሙናው፣ በሌላው ጎኗ የእኔ ፎቶ፣ እንባዬ እንኳ ይታያል። እህቴ ከስድስት ልጆች ጋር መጥታለች። ልጆቹ ጎማውን ይነካሉ፣ በመስኮት ይንጠለጠላሉ። አላናገረችኝም፣ ግን መጥታለች። የርክክቡ ወረቀት የሚፈረመው ከንግግሩ በኋላ ነው።

ማይክ ሰጡኝ።

«ኅዳር 11 ቀን ስለ አንዲት ልጅ የተናገርኩት ውሸት ነው» አልኩ። «እናቷ ጥላት አልሄደችም። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመችው እናቷን ከሥራ እየጠበቀች ነው። መጥታ ወስዳታለች። በየቀኑ በእግሯ ታመላልሳታለች። ወረቀት ተሰጥቶኝ፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ ለማሸነፍ ብዬ ነው ያልኩት። እንባውም...»

ማይኩ ሞተ። በትልቁ የቴሌቪዥን መስኮት የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። አዘጋጁ ወደ እኔ ሲራመድ አየሁት፣ አይሮጥም፣ ፈገግ ብሏል፤ ሰው እያየው ነዋ። «ጨረሱን» አለኝ። ከፋብሪካው የመጡት ሰውዬ እስክርቢቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

እህቴ ልጆቹን ከአውቶቡሱ መስኮት አንድ በአንድ አወረደች።

ታኅሣሥ 5

አውቶቡሱ ቀረ። ፋብሪካው «ስሙን ከውዝግብ ለመጠበቅ» ሲል ተወው። የማስታወቂያው ውልም አብሮ ሄደ፤ እሱስ ይሂድ።

እህቴ ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ እኔ ነኝ የቆምኩት።

«አንድ ሰዓት» አለችኝ። «አንድ ሰዓት መታገሥ አቃተሽ? ፈርመው ቁልፉን ከሰጡን በኋላ ብትናገሪ ምን ነበረበት?»

«አንዴ ካለፈኝ እንደማልናገር አውቅ ነበር።»

«ስለዚህ ለራስሽ ነው።»

ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ስትዋሺም ካሜራ ፊት፣ እውነት ስትናገሪም ካሜራ ፊት። መሃል ላይ እኔና ልጆቼ።» ድምፅዋ አልጨመረም። ልጆች ፊት ተቆጥታ መጮህ ለምዳ አታውቅም፤ ማን ይሰማታል? «ያ ስድስቱ ልጆች ለምን እንደወረዱ ጠየቁኝ። በእጄ ምን ብዬ ላስረዳ?»

የወፊቱ እናት ናት ተናገሪ ያለችኝ፣ ልላት ነበር። ተውኩት። እናቷን አንዴ በአፌ ማንሳቴ አይበቃም?

ታኅሣሥ 20

አንዱ ጋዜጣ ጠጥታ ነበር አለ። ሌላው አብዳለች አለ። ዳቦ ሻጯ ዳቦውን ሰጥታ መልሴን ቆጠረች። ምራትሽን እንኳ አላለችኝም።

ኳሰኛው ደወለ። ብዙ ሲንተባተብ ቆየና፣ «ያ የልብ ሕመምተኛ ልጅ... ከቀረጻው ቀን ሌላ አይቼው አላውቅም። ይኑር ይሙት አላውቅም» አለኝ። «ደውለህ ጠይቃ» አልኩት። «እፈራለሁ» አለ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እውነት ያወራሁት ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

ጥር 8

ወፊቱ ተመለሰች። እህቴ ናት ደውላ የነገረችኝ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። እናቷ መጥታ «ሰፈሩ ሰምቷል፣ አከራይዋም አፏን ይዛለች» ብላታለች። ስለ እኔ ያለችው የለም።

አንድ ችግር ግን አለ። የእናትየው ሥራ ወደ ንጋት ተዛውሯል፤ ጠዋት የሚያደርሳት ሰው የለም።

«አንቺ ሥራ የለሽም» አለችኝ እህቴ።

«እናቷ ትፈቅዳለች?»

«ጠይቄያታለሁ። ሰዓት አታሳልፍ ብላለች። ሌላ አላለችም።»

ጥር 27

ሦስተኛ ሳምንቴ። በየጠዋቱ ከአከራይዋ ግቢ በር ላይ እቀበላታለሁ። እናቷ ከመውጣቷ በፊት አለባብሳ፣ ጸጉሯን ሠርታ ትተዋታለች። እስካሁን ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት አልተያየንም። አንድ ሰዓት ተኩል በእግር፣ የእኔ እግር ሲሆን ሁለት ነው። በመንገድ የሚያየኝ ሰው አንዳንዱ ይጠቋቆማል፤ ወፊቱ ከሁሉም ጋር ተጠቋቁማ ታልፋለች።

እህቴ ከምሳ በኋላ፣ ከትንንሾቹ ጋር አስቀምጣ የእጅ ቋንቋ ታስተምረኛለች። ዛሬ ስም አስተማረችን። እዚያ ቤት ሰው ሁሉ ልጆቹ ያወጡለት የእጅ ስም አለው። የእሷ በግንባር ላይ የሚሄድ እስክርቢቶ ነው።

«የእኔስ?» አልኳት።

የአንዱን ትንሽ ልጅ ጣቶች አስተካከለች።

«አላወጡልኝም?»

«አውጥተውልሻል። ከኅዳር ጀምሮ።» ከዚያ አመልካች ጣቷን ከግራ ዓይኗ ሥር አድርጋ ወደ ጉንጯ አወረደችውና፣ ከአገጯ ላይ እንደ ቆሻሻ በጣቷ ፈንጥራ ጣለችው።

ትርጉሙን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ይቀየራል?»

«የእጅ ስም አይቀየርም እትዬ። ይዘሽው ነው የምትኖሪው።»

ልንወጣ ስንል አዲስ ልጅ ነበረች በሩ ላይ፣ ከዛሬ ጀምራ የገባች። ወደ እኔ አየችና ወፊቱን በእጇ ጠየቀቻት። ይሄ ጥያቄ ይገባኛል አሁን፤ ይህቺ ማን ናት? ነው። ወፊቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ መሬቱን አየች። እጇ ተነሳና መሃል ላይ ቆመ። ልታፍርልኝ ነው?

ቀደምኳት። ጣቴን ከዓይኔ ሥር አደረግሁ፣ አወረድኩት፣ ፈነጠርኩት።

ወፊቱ ራሷን ነቀነቀች። ተሳስቻለሁ፤ በቀኝ ዓይኔ ነው የጀመርኩት። እጄን ይዛ ወደ ግራ ወሰደችልኝ።